ቤት ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ቤት ፈላጊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «አሁን ልግዛ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ የሚመጣውም ጥያቄ ያው ነው። በብዛት የሚነሱትን ሰብስቤ የማምንበትን መልስ አስቀምጫለሁ። በምሳሌ የገቡት የቤትና የኪራይ ዋጋዎች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። የየሰፈሩን ዋጋ አይናገሩም።

የቤት ዋጋ ሊወርድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። የጤፍና የዘይት ዋጋ በየወሩ ተሰብስቦ ይወጣል። ለደብረ ብርሃን ቤት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም። ያለን የደላላ ወሬና የቡና ላይ ጨዋታ ነው። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋም ብዙ ጊዜ በእጅ ከተቆጠረው ያንሳል። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውሎችን አንድ በአንድ ያገላበጠ ሰው እንኳ እውነተኛውን ዋጋ አያገኘውም።

ዛሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ በቅጡ ሳናውቅ የከርሞውን መተንበይ አንችልም። «ሊወርድ ነው» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲወርድለት የሚፈልግ ነው። «ሊንር ነው» የሚለው ደግሞ ሻጭ ወይም ደላላ ነው። ሁለቱም ሆን ብለው አይዋሹ ይሆናል። የሚናገሩት ግን ምኞታቸውን ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እኛ አገር የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ በአብዛኛው ቁጥሩ አይወርድም። የሚቆመው ሽያጩ ነው። አብዛኛው ሻጭ ቤቱን በባንክ ብድር ስላልገዛው ሽጥ ብሎ የሚያስጨንቀው የለም። የጠራውን ዋጋ ይዞ ይቀመጣል። በዚህ መሃል ሌላው ነገር ሁሉ እየተወደደ ይሄዳል። የቤቱ ዋጋ ሁለት ዓመት ባለበት ከቆመ፣ ደመወዝና ሸቀጥ ግን ከጨመረ፣ ቤቱ ረክሷል ማለት ነው። ጠባቂው ይህን ቅናሽ አያየውም። እሱ የሚጠብቀው የተጠራው ቁጥር ዝቅ እንዲል ነው።

ሰው ገንዘቡ እያለው ለምን ያመነታል?

ይህን ጥያቄ በደንብ ማየት ይገባል። ሌሎቹ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጩት።

ብዙ ቤት ፈላጊ የድሮውን ዋጋ አይረሳም። «በዚህ ገንዘብ እኮ የዛሬ አምስት ዓመት ሁለት ቤት ይገዛ ነበር» ይላል። እውነቱን ይሆናል። ግን ያ ዋጋ ዛሬ የለም። የዚያን ጊዜው የጤፍ ዋጋ፣ የዚያን ጊዜው ደመወዝና የዚያን ጊዜው የብር አቅምም አብረውት ሄደዋል። አእምሯችን ግን መጀመሪያ የሰማውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ሁሉ ዘረፋ ይመስለዋል።

ከዚያ ጸጸትን መፍራት ይመጣል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በፈረንጆቹ 1979 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰው የሚያጣው ነገር ያንኑ ያህል ካገኘው ነገር ይልቅ አብልጦ እንደሚሰማው አሳይተዋል። የቤት ገበያ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ገዝቶ መክሰር ሰው የሚያየው ኪሳራ ነው። ዘመድ ያወራዋል። «ሳታጣራ ዘለህ ገባህ» ይባላል። ሳይገዙ መክሰርን ግን ማንም አያየውም። ሦስት ዓመት ኪራይ እየከፈለ የቆየን ሰው «ምን ነካህ?» የሚለው የለም። ስለዚህ መጠበቅ ኪሳራ የሌለበት ይመስላል። ኪሳራው ግን አለ፤ ድምፅ የለውም እንጂ።

በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሰው «ዋጋው ነው የያዘኝ» ሲል፣ የያዘው ብዙ ጊዜ ዋጋው አይደለም። አንዱ የቤቱን ካርታ አላመነውም። ሌላው የጸጥታው ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። ሌላዋ ከባለቤቷ ጋር አልተስማማችም። ሌላው ደግሞ ከርሞ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ይችላል። እነዚህን ሁሉ አውጥቶ መናገር ይከብዳል። «ገበያውን እያየሁ ነው» ማለት ግን ይቀላል፤ ብልህም ያስመስላል።

ራስዎን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል። ነገ ጠዋት ሻጩ ደውሎ «አንድ አስረኛ ቀንሻለሁ» ቢልዎት ይገዛሉ? «አዎ» ካሉ ችግርዎ ዋጋ ነው፤ ሄደው ይደራደሩ። «እስቲ ደግሞ ትንሽ ልየው» ካሉ የያዘዎት ሌላ ነገር ነው። እሱን ፈልገው ያግኙት። የወረቀት ስጋት በማጣራት ይለቃል። የቤተሰብ አለመግባባት ቁጭ ብሎ በመነጋገር ይለቃል። ሁለቱንም የቤት ዋጋ መውረድ አይፈታቸውም።

መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ እንዴት ላስላ?

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ባንክ አለዎት። የሚኖሩበት ቤት ኪራይ በወር 10,000 ብር ነው።

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በዚህ ሂሳብ 4 ሚሊዮኑ በዓመት 280,000 ብር ይወልዳል። ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ለጊዜው እንተወው። ኪራዩ በዓመት 120,000 ብር ይወስዳል። የሚተርፈው 160,000 ብር ነው። ይህ የቤቱ ዋጋ 4 በመቶ ነው።

ስለዚህ ድንበሩ 4 በመቶ ላይ ነው። የቤቱ ዋጋ በዓመት ከዚያ በታች ከጨመረ ወይም ባለበት ከቆመ መጠበቅዎ አላከሰረዎትም። ከዚያ በላይ ከጨመረ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ በመቶ 40,000 ብር ይነጥቅዎታል። 10 በመቶ ቢጨምር 240,000 ብር ሄደ ማለት ነው።

የራስዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት። አንድ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። መጠበቅ ሁልጊዜ ስህተት እንዳልሆነ ከስሌቱ ይታያል። የዋጋ ንረት በሚከፋበት ጊዜ ግን አደገኛ ነው። በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 7 በመቶ እያገኘ ባንክ የተቀመጠ 1 ሚሊዮን ብር 1,070,000 ሆነ። በ1 ሚሊዮን ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ1,300,000 በላይ ይጠይቅ ነበር።

የእኔ ገንዘብ ግን ሙሉ አይደለም። እያጠራቀምኩ ነው። ለእኔስ?

የብዙ መምህርና የብዙ ሠራተኛ ኑሮ ይኸው ነው። ስሌቱም ይለያል። ያንኑ የ4 ሚሊዮን ብር ቤት እንውሰድ። እጅዎ ላይ 1,500,000 ብር አለ። በወር 15,000 ይቆጥባሉ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጠባው 180,000፣ ወለዱ ደግሞ 105,000 ገደማ ያመጣል። ድምሩ 285,000 ብር ነው። የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ከጨመረ ግን 400,000 ብር ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ቆጥበው ከቤቱ በ115,000 ብር ራቁ ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ይበልጥ መቆጠብ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ግቡን ማሳነስ ይሻላል። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በመጀመሪያ ሰርቪሷን ሠርቶ መግባት፣ ዋናውን ቤት ቀስ ብሎ መቀጠል። ወይም ያላለቀ ቤት ገዝቶ መጨረስ። በመኖሪያ ቤት ማኅበር መደራጀትም በክፍለ ከተሞቹ የተለመደ መንገድ ነው፤ ተራው ሲደርስ ገንዘቡ ዝግ ሂሳብ ውስጥ ዝግጁ መሆን ስላለበት አስቀድመው ይጠይቁ። እቁብም ያግዛል። እቁብ ወለድ አይከፍልም፤ ገንዘቡን ቶሎ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ማግባቱ ግን ዋጋ በሚሮጥበት ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

የተሠራ ልግዛ ወይስ ቦታ ይዤ ልሥራ? የዕቃ ዋጋ እስኪረጋጋስ ልጠብቅ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይህን ተከትሎ ይሄዳል። ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ሴራሚክ። ስለዚህ «የዕቃ ዋጋ ይረጋጋ» ማለት በከፊል «ብር ይረጋጋ» ማለት ነው።

ሲሚንቶ የተለየ ታሪክ አለው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው ግንባታውን አቋርጦ የተቀመጠበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2017 ግን የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ፋብሪካው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ እንሳሮ ወረዳ ነው። ለደብረ ብርሃን ገንቢ ቅርብ መሆኑ ጥሩ ዜና ነው።

ዕቃ ቀደም ብሎ ገዝቶ ማስቀመጥ ከፈለጉ ቆርቆሮና ፌሮ ይቆያሉ፤ ፌሮውን ከዝናብ ይጠብቁ። ሲሚንቶ ግን አያከማቹ። ጥቂት ወር ሲቀመጥ፣ በተለይ በክረምት እርጥበት፣ ጉልበቱ ይደክማል።

የተሠራ ቤት መግዛት ግልጽነት አለው። ዋጋው አንድ ነው፤ ከፍለው ይገባሉ። መሥራት በአብዛኛው ይረክሳል ይባላል። ግን በየደረጃው ዋጋ ይቀየራል፤ የሠራተኛ ቀን ዋጋ፣ የአሸዋ መኪና፣ የእንጨት። ባዶ የሊዝ ቦታ ከሰው ሲገዙም ይጠንቀቁ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ግንባታ ያልተጀመረበት ወይም ግማሽ ያልደረሰ ቦታ ማስተላለፍ ላይ ገደብ አስቀምጧል። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜም በውሉ የተወሰነ ነው። ደንቦቹ ስለሚሻሻሉ የአሁኑን ከከተማው መሬት ቢሮ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ሰላሙ እስኪመለስ ብጠብቅ አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ማንም በቀላሉ ሊመልስልዎ አይችልም። አካባቢያችን ብዙ አይቷል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል የዕድሜ ልክ ልፋታቸው በሰዓታት ውስጥ የጠፋባቸው ሰዎች አሉ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ሰው ቀዬውን ይለቃል። ደብረ ብርሃንም በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች። ይህን እያየ የሚያመነታን ሰው «ፈሪ» ማለት ግፍ ነው።

የጸጥታ ስጋትን ግን ከዋጋ ጋር አያቀላቅሉት። «ሰላም ሲሆን እገዛለሁ» የሚል ሰው ሰላም ሲሆን ሌላውም ሁሉ እንደሚገዛ ያስብ። ያኔ ዋጋው የዛሬው አይሆንም። በዚህ ሂሳብ ብቻ ግን ዛሬ ይግዙ አልልም። ሊያጡት የማይችሉትን ገንዘብ እንቅልፍ በሚነሳዎት ቦታ አያስቀምጡ። መለኪያው ይህ ይሁን፦ ቤቱ ሁለት ዓመት ሳይሸጥና ሳይከራይ ቢቀመጥ ቤተሰብዎ ይቸገራል? ልጆችን ማስተማርና መታከም ያቅትዎታል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ይቆዩ። «አይ፣ እንኖርበታለን» ከሆነ ጉዳዩ ኑሮ ነው፤ ኑሮ ደግሞ አሁንም እየተኖረ ነው።

ስጋት ሲኖር ርካሽ የሚሸጥ ሰው አለ። ተጨንቆ የሚሸጥን ሰው አንገት አንቆ መግዛት አይገባም። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሚዛናዊ ዋጋ ከፍሎ የገባ ሰው ከጎረቤቱም ከህሊናውም ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ደላላው «ነገ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ይለኛል። ልቸኩል?

አይቸኩሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እውነት ሌላ ገዥ ሊኖር ይችላል። ግን ወረቀቱን ለማየት ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ የሚደብቀው አያጣም።

የሚያመነታ ሰው ላይ በተደጋጋሚ የሚደርሰው ይህ ነው፦ ሁለት ዓመት ይጠብቃል፤ ዋጋው ሲጨምር ይደነግጣል፤ ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ያላጣራውን ቤት ይገዛል። ረጅሙ ጥበቃ ለማጣራት ቢውል ኖሮ ጠቃሚ ነበር።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሕጉን ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የከፈለው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ አጥፎ ይመልሳል። ስለዚህ «ለማስያዝ ያህል» ብለው የሚሰጧት ገንዘብ ቀላል ነገር አይደለችም። ቀብዱ ይነስ፤ በጽሑፍና በምስክር ይሁን።

ወረቀቱ ላይ ምን ምን ላጣራ?

የቤትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ውልና ማስረጃ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት ብቻዋን አታድንም።

ካርታውን ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን ይዩ። ከዚያ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄደው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣሩ፤ ባንክ አስይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ያንብቡና ወራሾቹ በሙሉ መኖራቸውን ያረጋግጡ። አንዲት እህት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተረስታ ከሆነ ክርክሩ የእርስዎ ይሆናል። የሚሸጠው ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን ይወቁ።

ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ይህንንም ይጠይቁ። በ2004ቱ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ወጪ አለው። የሊዝ ቦታ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ ቀሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል።

ውል ላይ ዋጋ አሳንሰን እንጻፍ ቢሉዎት አይቀበሉ። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ማስመለስ የሚችሉት የተጻፈውን ነው። እርስዎም በተራዎ ሲሸጡ ትርፍዎ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል፤ ግብሩም ለዚያው ነው። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡንና የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይነጋገሩ።

ከከተማው ዳር ከገበሬ የሚሸጥ ቦታ አለ። በጣም ርካሽ ነው። ብይዘውስ?

አይያዙት። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። ደብረ ብርሃን ሪጂኦፖሊታን የሚል የከተማ ደረጃ ከተሰጣትና ፋብሪካ ከበዛባት ወዲህ «ነገ ወደ ከተማ ይጠቃለላል» የሚል ተስፋ ይሸጣል። ሲጠቃለል ካሳ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው። ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ዶዘር ሲመጣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ርካሽነቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ ባለሙያዎች «ወለድ እስኪወርድ ጠብቁ» ይላሉ። ለእኛም ይሠራል?

አይሠራም። እዚያ አብዛኛው ሰው ቤት የሚገዛው በሠላሳ ዓመት ብድር ነው። የብድሩ ወለድ በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ከ3 በመቶ በታች ነበር። በጥቅምት 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። የቤቱ ዋጋ ባይጨምር እንኳ በወለዱ ብቻ ወርሃዊ ክፍያው እጅግ ከበደ። በዝቅተኛ ወለድ የገዙትም መሸጥ አልፈለጉም፤ ሌላ ቤት ለመግዛት ከባዱን ወለድ ይጋፈጣሉና። ስለዚህ እዚያ የወለድን መውረድ መጠበቅ ትርጉም አለው። የቤት ዋጋ በእርግጥ ሲወድቅም አይተዋል። በፈረንጆቹ ከ2006 በኋላ በነበረው ቀውስ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሩብ በላይ ወርዷል። የወረደው ግን ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ቤታቸውን ባንክ ስለነጠቃቸው ጭምር ነው።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ገዥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው። ከቁጠባ፣ ከእቁብ፣ ከዘመድ፣ ውጭ ካለ ልጅ። ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው የብር አቅም፣ የቦታ አቅርቦት፣ የዕቃ ዋጋና ጸጥታው ነው። የዳላስ ምክር ለደብረ ብርሃኗ ጠባሴ አይሆንም።

የባንክ ብድርስ?

አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ንግድ ባንክና ሌሎችም ባንኮች የቤት ብድር አላቸው። ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው ጎሕ ቤቶች ባንክም በ2014 ሥራ ጀምሯል። ብሔራዊ ባንክ ግን በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ በማስቀመጡ ማግኘቱ ከብዶ ነበር። ወርሃዊ ክፍያው ከቤተሰቡ ገቢ አንድ ሦስተኛ የሚያልፍ ከሆነ እኔ አልመክርም።

ከዓመቱ ለመግዛት የትኛው ወቅት ይሻላል?

ለዋጋ የተለየ ወቅት አለ ብዬ አላምንም። ለማየት ግን አለ።

ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይዩት። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግቢው ውሃ ሲያቁር፣ መንገዱ መኪና ሲውጥ ያኔ ነው የሚታየው። በጥር የታየ ደረቅና ጽዱ ግቢ በነሐሴ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ በበጋ ይመለሱ። የእኛ ደጋ መሬት ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቅጡ ያልተቆፈረ ቤት አብሮት ይሰነጠቃል። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ካዩ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሱ ሰያፍ ስንጥቆችን ይፈልጉ። ቀለሙ የተቀባው እነሱን ለመሸፈን ሊሆን ይችላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የቤቱን ቅዝቃዜ ይሞክሩት። ፀሐይ የማያገኝ መኝታ ቤት ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። ውሃው በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣም ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ።

እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም። ምን እናድርግ?

የሚቸኩለውና የሚያመነታው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ አከራይ «ልቀቁ» ማለቱን ይፈራል። ሌላው ገንዘቡ አልቆ ልጅ ቢታመምስ ብሎ ይፈራል። ሁለቱም ፍርሃት እውነተኛ ነው። ስለ ገበያው መከራከር ትተው «አንተ ምን ትፈራለህ? አንቺስ?» ብለው ይጠያየቁ። ብዙ ጊዜ ስምምነቱ እዚያ ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ አነስ ያለ ቤት ገዝቶ ለክፉ ቀን የተወሰነ ገንዘብ መተው።

በነገራችን ላይ የኪራይ ፍርሃትን ትንሽ የሚያቀልል ሕግ አለ። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በየትኛው ከተማ ተፈጻሚ እንደሚሆን የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ያሉበትን ከተማ አስተዳደር ይጠይቁ።

እሺ፣ ለመጠበቅ ወስኛለሁ። እንዴት ልጠብቅ?

መጠበቅ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሥራዎ ከርሞ ሊቀየር ከሆነ ይጠብቁ። ገዝተው ለክፉ ቀን የሚተርፍዎት ምንም ከሌለ ይጠብቁ። ያገኙት ቤት ካርታው ካልጠራ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ይጠብቁ።

ሲጠብቁ ግን የሚጠብቁትን በወረቀት ይጻፉት። «ገበያው እስኪረጋጋ» ብለው አይጻፉ፤ እሱ የሚታወቅበት ቀን የለውም። «የዝውውር ደብዳቤዬ እስኪደርስ»፣ «ቁጠባዬ 2 ሚሊዮን እስኪሞላ»፣ «የውርሱ ክርክር ፍርድ ቤት እስኪወሰን» ብለው ይጻፉ። ከጎኑ ቀን ያስቀምጡ። በዚህ መሃል በወር አንድ ቤት ይዩ፤ ባይገዙትም ይዩ። የተጠራውን ዋጋ፣ ሰፈሩን፣ የቦታውን ስፋትና በስንት እንደተሸጠ መዝግበው ይያዙ። ስድስት ወር ሲሞላ ስለሚፈልጉት ሰፈር ዋጋ ከብዙ ደላላ የተሻለ የሚያውቁት እርስዎ ይሆናሉ። መታወቂያዎን፣ የጋብቻ ማስረጃዎንና የባንክ መግለጫዎን አዘጋጅተው ያስቀምጡ። የተሻለ ቤት ሲመጣ በማጣራት እንጂ በወረቀት ፍለጋ ጊዜ አያጠፉም።